ሩክ ለሩክ ኢንድጌም (የጨዋታ መጨረሻ) ላይ አቻ መውጣት እንዴት እንደቀረልኝ

ቼዝ ላይ አንድ ፓውን (ወታደር) እየመራሁ ሩክ (ግንብ የሚመስለው ጠጠር) ለሩክ ስንቀር ጨዋታው አቻ ያልቅብኝ ነበር፣ የኦፕኒንግ (የጨዋታ አጀማመር) ጥናት ብጨምርም ለውጥ የለም። የፈታልኝ ሉሴና የሚባለው ፖዚሽን (የጠጠሮች አቀማመጥ) ነው፣ በጣም ነው የምወደው!

ፓውናችሁ 7ኛው ረድፍ ደርሷል፣ ንጉሳችሁ ግን ከፊቱ ቆሞ መንገዱን ዘግቶበታል፣ ልውጣ ሲል ደግሞ የተጋጣሚያችሁ ሩክ በቼክ (ንጉሱን በማጥቃት) መውጫ ያሳጣዋል። መጀመሪያ በሩካችሁ ቼክ ብላችሁ የሱን ንጉስ አንድ መስመር (ከላይ ወደ ታች የሚሄደውን) ታርቁታላችሁ፣ ከዛ ዋናው ነገር ይሄ ነው፣ ሩካችሁን 4ኛው ረድፍ ላይ አስቀምጡት። አሁን ንጉሳችሁ ወጥቶ ቼክ እየተባለ ወደ ታች ይወርዳል፣ 5ኛው ረድፍ ሲደርስ ሩካችሁ መሃል ገብቶ ቼኩን ይጋርዳል፣ አለቀ፣ ፓውኑ ንግስት ይሆናል። ኤ እና ኤች መስመር (ሁለቱ ዳሮች) ላይ ላለ ፓውን ግን ይሄ መንገድ አይሰራም።

ፓውን ለጎደለው ደግሞ ፊሊዶር የሚባል መከላከያ አለ፣ ሩካችሁን ከራሳችሁ በኩል 3ኛው ረድፍ ላይ አቁማችሁ የሱን ንጉስ መግቢያ ትከለክሉታላችሁ፣ ፓውኑ እዛ ረድፍ ላይ ሲገባ ሩካችሁን ወደ ሱ ንጉስ ጀርባ ወስዳችሁ ቼክ በቼክ።

ሊቸስ (የቼዝ ድረ ገጽ) ላይ በነፃ ቦርድ ኤዲተር ከፍታችሁ ፖዚሽኑን ደርድሩና ስቶክፊሽን (ቼዝ የሚጫወት ፕሮግራም) ግጠሙት፣ ከዛ ጎን ቀይራችሁ ድገሙት፣ እጃችሁ እስኪለምደው።