ፑንቲና ያለው የድሮ መኪና ብልጭታ ሲያጣ እንዴት ይመረመራል?

ደሴ ላይ ክረምት ገብቶ ጉሙ ከጦሳ ሲወርድ፣ ማታ በደህና የገባ ቮልስ ወይም ፔጆ 404 ጠዋት አልነሳም ማለቱ የተለመደ ነው። ባትሪው ሞተሩን በደንብ እያዞረ፣ ቤንዚኑም እየደረሰ ሞተሩ ካልተነሳ የሚጠረጠረው የብልጭታው መስመር ነው። ብዙ ባለመኪና በዚህ ጊዜ ኮይል (የባትሪውን ቮልት ለብልጭታ ከፍ የሚያደርገውን ጥቅል ሽቦ) ለመግዛት ይቸኩላል፤ በእኔ እምነት ግን ምርመራው መጀመር ያለበት ፑንቲናውን ከያዘውና ብልጭታውን ከሚያከፋፍለው ከዲስትሪቢውተሩ ነው።

ምክንያቱ ከአሠራሩ ይታያል። ቁልፉ ሲከፈት የባትሪው ኤሌክትሪክ በኮይሉ ወፍራም ሽቦ አልፎ፣ ፑንቲናው (ኤሌክትሪኩን የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው መክፈቻ) ገጥሞ በተዘጋበት ጊዜ ሁሉ ወደ ማሳ፣ ማለትም ወደ መኪናው ብረት አካል፣ ይወርዳል፤ ካሙ (በዲስትሪቢውተሩ ውስጥ የሚዞረው ባለ ጉብታ ዘንግ) ፑንቲናውን በከፈተ ቅጽበት ግን ፍሰቱ ይቋረጥና በኮይሉ ውስጥ የነበረው መግነጢሳዊ ኃይል በድንገት ስለሚፈርስ፣ ብዙ ዙር ባለው ቀጭን ሽቦ ላይ ከ10,000 ቮልት በላይ ይፈጠራል። ይህንንም በዲስትሪቢውተሩ ውስጥ የሚዞረው ሮተር በሲሊንደሮቹ ውስጥ ብልጭታ ለሚሰጡት ካንዴላዎች በየተራ ያድላል። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ፑንቲናው በሰከንድ 100 ጊዜ ይከፈታል፤ ቶሎ የሚበላውም ለዚህ ነው።

ቁልፉን ዘግተው፣ የካንዴላ ሽቦዎቹን ሳይነቅሉ የዲስትሪቢውተሩን ክዳን ያንሱ። ውስጡ እርጥበት ካለው በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ለደሴ ጠዋት ብዙ ጊዜ መፍትሔው ይኸው ነው። ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው የሚሄድ፣ በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ቀጭን ጥቁር መስመር ከታየ ግን ብልጭታው መንገዱን ስቷልና ክዳኑ ይቀየር።

ቀጥሎ ማርሹን ነፃ አድርገው ሞተሩን በእጅ ያዙሩት፤ የፑንቲናው ተረከዝ የካሙ ጉብታ ጫፍ ላይ ሲደርስ አቁመው ክፍተቱን በፊለር (በስስ የብረት መለኪያ) ይለኩ። ለቮልስ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለሌሎች የአምራቹ መመሪያ ይታይ። ፊለሩ ሳይላላና ሳይታነቅ በስሱ እየተፋተገ ማለፍ አለበት። ፑንቲናውን የያዘው ብሎን ሲጠብቅ ክፍተቱ ሊዛባ ስለሚችል ካጠበቁ በኋላ እንደገና መለካት ያስፈልጋል። የፑንቲናው አንዱ ፊት ጎድጉዶ ሌላው ካበጠ ፑንቲናውን ከመቃጠል የሚጠብቀው ኮንደንሰርም ይጠረጠራልና ሁለቱን አብሮ መቀየር ይሻላል።

ከኮምቦልቻ ሜዳ ላይ በደህና ተነስቶ ሐረጎን ሲወጣ የሚያስነጥስ መኪናም በዚሁ መንገድ ይመርመር፤ ሞተሩ ሲጫን በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚጨምር ደካማው ብልጭታ የካንዴላውን ክፍተት መዝለል ያቅተዋል።

የፑንቲናው ክፍተት ሲሰፋ ብልጭታው ይቀድማል፣ ሲጠብ ይዘገያል፤ ስለዚህ ፑንቲና የነካ ሰው ጊዜውንም ሳያስተካክል መተው የለበትም። በኮይሉ የፑንቲና ጫፍና በማሳ መካከል ትንሽ አምፑል አገናኝተው፣ ቁልፉን ከፍተው ሞተሩን በእጅ ወደ ብልጭታው ጊዜ ምልክት ያምጡት፤ አምፑሉ ልክ ምልክቱ ላይ ሲደርስ መብራት አለበት፤ ካልሆነ ዲስትሪቢውተሩን አላልተው በትንሹ ያዙሩት። ሲጨርሱ ቁልፉን ወዲያው ይዝጉ፤ ፑንቲናው ገጥሞ ቁልፉ ተከፍቶ ከቆየ ደህናው ኮይል ግሎ ይበላሻል።