የእሳት አላርም ባትሪ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አላርም የሚያስገጥም ሰው ስለ ጭስ ጠቋሚውና ስለ ሲረኑ ብዙ ይጠይቃል። ባትሪው ላይ ሲደርስ ግን "ያው ባትሪ ነው" ብሎ ያልፈዋል። መብራት ሳይታሰብ በሚጠፋበት አገር ይህ በጣም ያሳስበኛል።

ሳያሰሉ መግዛት

"ሁሉም 7 አምፔር ሰዓት ነው የሚያስገቡት" ይባላል። አምፔር ሰዓት ባትሪው ስንት አምፔር ለስንት ሰዓት መስጠት እንደሚችል የሚነግር መጠን ነው። ስሌቱ እኮ ከባድ አይደለም። ፓነሉ (አላርሙን የሚቆጣጠረው ሳጥን) በተጠባባቂነት 0.25 አምፔር፣ ሲጮህ ደግሞ 1.5 አምፔር ይስባል እንበል። 24 ሰዓት ጠብቆ ግማሽ ሰዓት እንዲጮህ 6 እና 0.75 ይደመራል፤ 6.75 አምፔር ሰዓት ሆነ። ባትሪ እያረጀ ስለሚደክም 25 በመቶ ጨምሩበት፤ 8.4 ገደማ ይመጣል። ባለ 7ቱ አይበቃም፤ ባለ 12 ያስፈልጋል። በኋላ ሲረን ወይም ጠቋሚ ከጨመራችሁ እንደገና አስሉ።

24 ሰዓት ለሁሉም ይበቃል ማለት

የአሜሪካው የእሳት አላርም ደንብ፣ ኤንኤፍፒኤ 72፣ መነሻው 24 ሰዓት ነው። ሌት ተቀን ሰው ላለበት ሆቴል ይሁን። ቅዳሜ ቀትር ተዘግቶ ሰኞ ጠዋት ለሚከፈት የኮምቦልቻ መጋዘንስ? መብራት ቅዳሜ ማታ ቢሄድ ማን ያያል? በ72 ሰዓት ስታሰሉት ያው ፓነል 23.4 አምፔር ሰዓት ይፈልጋል፤ ባለ 26 ግዙ። ዋጋው ይጨምራል፤ ግን መጋዘኑ ውስጥ ያለውን ንብረት አስቡት። ጄኔሬተር አለን ብላችሁም አትቀንሱ። ነዳጅ ሊያልቅ፣ አልነሳ ሊል ይችላል።

ሁለቱን ባትሪ መደመር

አብዛኛው ፓነል በ24 ቮልት ስለሚሠራ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ በተከታታይ ይታሰራል። የሚደመረው ቮልቱ ብቻ ነው። ሁለት ባለ 7 ያው 7 አምፔር ሰዓት ናቸው። አንዱ ሲደክም ሁለቱንም አንድ ላይ ቀይሩ።

የቦታውን አየር መርሳት

ባትሪው ላይ የተጻፈው መጠን 25 ዲግሪ አካባቢ የተለካ ነው። ባቲን በመሰለ ሞቃት ከተማ፣ በዚያ ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከተቀመጠ፣ በቶሎ ያረጃል። ሙቀቱ በየ10 ዲግሪው ሲጨምር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። የደሴ ብርድ ደግሞ ዕድሜውን ባይጎዳም በሌሊት የሚሰጠውን ኃይል ይቀንሰዋል። ለቆላው ፓነሉን ከጣሪያ አርቁ፤ ለደጋው መጠኑን ከፍ አድርጉ።

ያገኙትን ባትሪ ማሰር

የመኪና ባትሪ ርካሽ መስሎ ይታያል። ነገር ግን ሞተር ለማስነሳት እንጂ ለረጅም ጥበቃ አልተሠራም፤ ቻርጅ ሲደረግም ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል። የታሸገውን የእርሳስ ባትሪ ግዙ። ትልቅ ባትሪ ስትመርጡም የፓነሉ ቻርጀር እስከ ስንት አምፔር ሰዓት እንደሚችል ከመመሪያው ላይ እዩ።

ባዶ ሆኖ የከረመን ባትሪ ማመን

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ስንት ቤት ያለ መብራት እንደከረመ እናውቃለን። የእርሳስ ባትሪ ባዶ ሆኖ ሲቀመጥ ውስጡ ባሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች ላይ ሰልፌት የሚባል ጨው ይጠጥርና አቅሙን ያጣል። መብራት ሲመለስ ቮልቱ ደህና ሊመስል ይችላል። በቮልት መለኪያ ብቻ አትመኑ። ዋናውን ኃይል ቁረጡና ፓነሉ በባትሪው ብቻ የታሰበለትን ሰዓት ይቆይ፤ መጨረሻ ላይ ሲረኑን አስጩኹት። በፈተናው ጊዜ የሚጠብቅ ሰው አቁሙ፤ ሲያልቅ ባትሪው መልሶ እስኪሞላ ጠብቁ። ካልጮኸ በዚያው ቀን ይቀየር።