ደሞዝ ሳይጨመር፣ ሥራ ሳይለቀቅ ቶሎ ቶሎ መጓዝ

እዚህ የማወራው ስለ ዱባይ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ አንዳንዱም እስከ ቅዳሜ እኩለ ቀን ሥራ ለሚገባ፣ ደሞዙም ወሩን እንደምንም ለሚያደርሰው ሰው ነው። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ሁሉም ነገር ጨምሯል፤ ትራንስፖርቱም፣ አልጋውም፣ ሽሮውም። ቢሆንም ቶሎ ቶሎ መውጣት ይቻላል። ዘዴው ቅርብ ቅርቡን ማብዛት ነው። በዓመት አንዴ አርባ ምንጭ እሄዳለሁ ብሎ የሚያቅድ ሰው ብዙ ጊዜ አይሄድም። መጀመሪያ የዘመድ ሠርግ ይመጣል፣ ከዚያ የቤት ኪራይ ይጨመራል፣ ከዚያ "ዘንድሮስ አልሆነም" ይባላል። በየወሩ አንድ ቅዳሜና እሁድ የሚወጣው ግን አንዱ ቢቀርበት ሌላው አለለት።

ከገንዘቡ በፊት ቀኑን ያዙ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የግል ድርጅት ሠራተኛ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎቱ 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለው፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርለታል። አብዛኛው ሰው ይህን ፈቃድ በአንዴ ይወስድና ግማሹን ተኝቶ፣ ግማሹን ቤት ሲያስጠግን ያሳልፈዋል። እናንተ አንድ አንድ ቀን እየቆረሳችሁ ከበዓላት ጋር አጣብቁት። አለቃችሁ ከተስማማ ነው እንግዲህ፣ ስለዚህ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ።

ለምሳሌ ሚያዝያን ተመልከቱ። 23 የሠራተኞች ቀን ነው፣ 27 የአርበኞች። 23 ሐሙስ ከዋለ 27 ሰኞ ነው፤ ዓርብን ብቻ ከፈቃድ ብትወስዱ አምስት ቀን ያዛችሁ። 23 ዓርብ ከዋለ ደግሞ 27 ማክሰኞ ነው፤ ሰኞን ብቻ ትወስዳላችሁ፣ ያው አምስት ቀን። አዲስ ዓመት ሲገባ ካሌንደር ይዛችሁ ቁጭ በሉና አድዋን፣ መውሊድን፣ እነዚህን ሁለቱን ምልክት አድርጉባቸው።

ትላልቆቹን በዓላት ግን ለጉዞ አታስቡ። ፋሲካና ገና ዋዜማ መናኸሪያ ሄዶ ያየ ያውቀዋል፤ ሁሉም አገሩ ሊገባ ነው፣ ታሪፍ የሚባል ነገር የለም፣ ሐዋሳ ላይ አልጋ በእጥፍ ይጠራል፣ ለጥምቀት ጎንደር ደግሞ አልጋ ራሱ አይገኝም። በዚያ ላይ እናታችሁ "ለፋሲካ እንኳን አትመጣም?" ትላለች፣ ትክክልም ናት። እንዲያውም ሥራችሁ ተረኛ የሚጠይቅ ከሆነ በትልቁ በዓል ተረኛ ሁኑና በምትኩ ማንም የማይፈልገውን ተራ ሳምንት ዓርብና ሰኞ ጠይቁ። ይህን የሚከለክል አለቃ ብዙም አይገኝም።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ ከደሞዝ የሚተርፍ ነገር ስለሌለ ከተረፈ እሄዳለሁ ማለት አይሠራም። ደሞዝ የገባ ዕለት፣ ገና ሱቅ ሳትደርሱ፣ ቁርጥ ያለች ብር ወደ ሌላ ሒሳብ ትሂድ፤ ካርድ የሌለው ቢሆን ይመረጣል። ይቺ ለወሩ ጉዞ ነች። ለራቅ ያለው መንገድ ደግሞ ዕቁብ የሚያህል ነገር የለም። የመሥሪያ ቤት ወርኃዊ ዕቁብ ግቡ፣ ዕጣችሁንም ለምን እንደምትፈልጉት ከመጀመሪያው ተናገሩ። ዕጣው ቀድሞ ከወጣላችሁ፣ በዚያን ጊዜ ብር ከቸገረው ሰው ጋር ተቀያየሩ፤ ዳኛው ካወቀው ችግር የለውም። ዕጣው በእጅ ይዞ ሦስት ወር መጠበቅ ግን አይቻልም፣ እሱን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ከከተማ መውጫው እንደምትሄዱበት አቅጣጫ ይለያያል። ወደ አዳማና ሐዋሳ ቃሊቲ፣ ወደ ደብረ ብርሃን ላምበረት፣ ወደ ወሊሶና ጅማ አየር ጤና፣ ወደ አምቦ አስኮ። ቤታችሁ ለየትኛው እንደሚቀርብ እዩና ከዚያ ጀምሩ፤ አየር ጤና የሚኖር ሰው በየሳምንቱ ላምበረት ድረስ በታክሲ እየተሻማ ቢሄድ ከጉዞው በፊት ይደክመዋል። መናኸሪያ ውስጥ ሻንጣችሁን ነጥቆ የሚሮጠውን አትከተሉ። ታሪፉ ተለጥፏል፣ አንብቡት፣ ሒሳብም መኪናው ውስጥ ከተቀመጣችሁ በኋላ ለረዳቱ ብቻ ክፈሉ። ጭነት ከመኪናው ጣሪያ ላይ ከወጣ ይከፈልበታል፣ ስለዚህ ጉልበታችሁ ላይ የምትቀመጥ አንዲት ቦርሳ ትበቃለች። ራቅ ላለው መንገድ ቀድመው ትኬት የሚቆርጡት ትልልቅ አውቶቡሶች ይሻላሉ። ሚኒባስ ይፈጥናል፣ እኔ ግን አልወደውም፤ ሾፌሩ ጫት እየቃመ ኩርባ ላይ ሲቀድም መስኮቱን ይዞ መጸለይ ዕረፍት አይባልም።

ባቡሩንም አትርሱ። ከለቡ ተነስቶ ድሬዳዋ ያደርሳል፣ ከድሬ ሐረር ደግሞ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በየቀኑ ስለማይነሳ ደውሉና ቀኑን አረጋግጡ። ያን የሚያዝያ አምስት ቀን ያገኛችሁ ጊዜ ጀጎል ውስጥ በየጠባቡ መንገድ መዞር፣ ማታ ጅብ ሲበላ ማየት፣ ጠዋት ተመልሶ ድሬ ላይ ሻይ መጠጣት በልኩ ይገባል።

ሌላው ርካሽ መንገድ የማኅበር ጉዞ ነው። ታኅሣሥና ሐምሌ 19 ቁልቢ፣ መጋቢት 5 ዝቋላ፣ መስከረም 21 ግሸን፣ በማንኛውም ጊዜ ደግሞ ደብረ ሊባኖስ። ደብር ላይ ወይም ሰፈር ውስጥ አስተባባሪ አይጠፋም፤ መኪናው በጋራ ስለሚከራይ ለነፍስ ወከፍ ሲደርስ ቀላል ነው። ሃይማኖቱ የሌላችሁ ከሆነ ወይም ፎቶ ለመነሳት ብቻ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ፤ ሰዉ ጾሞና ተስሎ ነው የሚሄደው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው እሁድ እሁድ ተራራ የሚወጡ ቡድኖች ቴሌግራም ላይ ሞልተዋል፤ ወደ መናገሻ ሱባ ጫካም፣ ወደ ወንጪም ይወጣሉ። ወንጪ በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ተመርጧል። ሎጁ የእኛ አቅም ላይሆን ይችላል፣ ሐይቁን ከላይ ሆኖ ማየትና በእግር መውረድ ግን ለሁሉም ነው። መታወቂያ ያዙ፤ በብዙ ቦታ መግቢያው ለኢትዮጵያዊ ከውጭ ዜጋ በጣም ያነሰ ነው።

አሁን ብር የሚተርፍበት ቦታ ላይ ደረስን፣ አልጋ። ትራንስፖርት ላይ ብትከራከሩም የምታተርፉት ሳንቲም ነው፤ አልጋ ላይ ግን የጉዞውን ግማሽ ታድናላችሁ። ሐዋሳን እንውሰድ። ሐይቁ ዳር ያሉት ለባለጉባኤ ናቸው። ሁለትና ሦስት መንገድ ወደ ውስጥ ግቡና ፔንሲዮን ጠይቁ። ከመክፈላችሁ በፊት ክፍሉን እዩ፤ ቧንቧውን ክፈቱት፣ ውኃው በስንት ሰዓት እንደሚቋረጥ ጠይቁ፣ የበሩን ቁልፍ ከውስጥ ሞክሩት፣ አንሶላውን ገለጥ አድርጉ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሂዱና ወደ ታች ተመልከቱ። ቀን ላይ ጸጥ ያለና ወንበሮቹ የተደራረቡበት ቤት ካለ ቅዳሜ ማታ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሙዚቃ ነው፣ ሌላ ፈልጉ። ሁለት ሌሊት ካደራችሁ ቀንሱልኝ በሉ፣ ይቀንሳሉ።

ዘመድ ቤት ማደር ነጻ ይመስላል። ቡናና ስኳር ይዛችሁ ትገባላችሁ፣ እሱ ምንም አይደለም። ችግሩ ጊዜው ነው፤ በረካው ሳይጠጣ ከቤት አትወጡም፣ ከዚያ ደግሞ ምሳ ደረሰ ይባላል፣ ከተማዋን ሳታዩ እሁድ ይሆናል። ዘመድ ጋ ምሳ ብሉ፣ አልጋችሁን ግን ራሳችሁ ያዙ። ይቀየማሉ፣ ምን ታደርጋላችሁ።

ምግብ ላይ ብዙ አትጨነቁ። በየዓይነቱ የትም አለ፣ ረቡዕና ዓርብ በተለይ። ለመንገድ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ቋጥሩ፤ መኪናው ምሳ የሚቆምበት ቤት ዋጋው ሁሌም ከከተማው ይበልጣል። የቦታውን ምግብ ከምንጩ ብሉ። ሐዋሳ አሞራ ገደል ጠዋት ስትሄዱ ዓሣ አስጋሪዎቹ ቆሮሶውን እዚያው ይቀረድዳሉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አጥንቱ እስኪጣልላቸው ተሰልፈው ይጠብቃሉ፣ ትኩስ ጥብሱ ወይም ሾርባው ከዳጣ ጋር ይቀርባል። ሐይቅ ዳር ካለ ሬስቶራንት ከምትከፍሉት በብዙ ያንሳል። ኪስ የሚያራቁተው ምግቡ ሳይሆን ከምሳ በኋላ የሚመጣው ቢራ ነው፣ እሱን ለየግላችሁ ትቼዋለሁ።

አንድ ቀልድ የሌለው ነገር አለ። ከአዲስ አበባ የሚወጡ መንገዶች ሁሉ ሁልጊዜ ሰላም አይደሉም። ከመሄዳችሁ አንድ ቀን በፊት እዚያ የሚኖር ሰው ጋ ደውሉ፣ መናኸሪያ ላይም ሾፌሮቹን ጠይቁ፤ እነሱ ከማንም በፊት ያውቃሉ። "አሁንስ ደህና ነው መሰለኝ" የሚል መልስ ካገኛችሁ አትሂዱ። ለዚህ ነው ሁልጊዜ ሁለት ዕቅድ መያዝ የሚበጀው። አንዱ አቅጣጫ ካልሆነ ሌላው፣ ሁሉም ካልሆነ ደግሞ ቢሾፍቱ 50 ኪሎ ሜትር እንኳን አይሞላም። ዓርብ ከሥራ ወጥታችሁ በማታ አትነሱ፤ ቅዳሜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት መናኸሪያ ተገኙ፣ ሐዋሳም ቢሆን ምሳ ሳይደርስ ትገባላችሁ።

የመመለሻ ትኬታችሁን ደግሞ እንደደረሳችሁ፣ አልጋ እንኳን ሳትይዙ ቁረጡ። እሁድ ከሰዓት ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰው ሰው ብዙ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መናኸሪያ የደረሰ ሰው ወይ በውድ ይሄዳል ወይ ያድራል። ጠዋት ሦስት ሰዓት የሚነሳ ከተገኘ እሱን ያዙ፤ ሰኞ የሥራ ሰርቪስ ሳያመልጣችሁ ልብስ የምታጥቡበት ጊዜም ይተርፋችኋል።