ልጅ ይውላል እንጂ አይቆይም፦ መዋያን የልጆች ቤት እንዴት እናድርገው?

በየመሥሪያ ቤቱ «የሕፃናት ማቆያ» የሚል ጽሑፍ ሳይ ትንሽ ቅር ይለኛል። የሚቆየው ዕቃ ነው። ልጅ ይውላል። ማታ ቤት ሲገባ «እንዴት ዋልክ?» ነው የምንለው፤ «እንዴት ቆየህ?» ያለ ወላጅ ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ እዚህ ጽሑፍ ላይ «መዋያ» እላለሁ። «ደይኬር» ካላችሁትም አልጣላችሁም።

ነገሩ ቀላል አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። ዘጠናው ቀን ሲያልቅ አያት አጠገብ ከሌለች ልጁ ለማን ይተዋል? የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010ም መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ያዘዘው ለዚህ ነበር። አንደኛ ክፍል የሚገባው ደግሞ በ7 ዓመቱ ነው። በመሃል ያለውን ቀን ቁጠሩት። ይህ ሁሉ ቀን የሚያልፈው ልጁ «የኛ ቤት» በሚለው ቦታ ከሆነ መማሩ ብዙ አያስቸግርም። ካልሆነ ግን የቱንም ያህል መጫወቻ ብትደረድሩ ዓይኑ በር በሩን ነው።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በአንዲት ትንሽ የሰፈር መዋያ ነው የምሠራው። የሚከተለው እየተሳሳትን የተማርነው ነው።

1. ልጁ ከመምጣቱ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ

የልደት ሰርተፍኬት፣ የክትባት ካርድ፣ የወላጅ ስልክ፤ ይህ የታወቀ ነው። ፎርሙን ገልብጡና ከጀርባው ሦስት ጥያቄ ጨምሩ። ቤት ውስጥ ማን ብላችሁ ነው የምትጠሩት? እንዴት ነው የሚተኛው? ሲከፋው ማንን ይጠራል?

አንድ ልጅ ፎርሙ ላይ ባለው ስሙ ብንጠራው፣ ብንጠራው ዞር ብሎ አላየንም። ጆሮው ላይ ችግር ይኖር ይሆን ብለን ተጨነቅን። ለካ ቤት ውስጥ ከ«ማሙሽ» ሌላ ስም ሰምቶ አያውቅም። አንዷ ደግሞ የሰው ጆሮ ይዛ ካልሆነ አትተኛም። ይህንን ሳናውቅ አንድ ሳምንት ሙሉ እሷም እኛም ስናለቅስ ከረምን።

ሦስተኛውን ጥያቄ በቀስታ ጠይቁ። አንዳንድ ልጅ ሲከፋው የሚጠራው እናቱን ሳይሆን የቤት ሠራተኛዋን ነው። እናትየዋ ይህን ስትናገር ድምጿ ዝቅ ይላል። «እሷም አንድ ቀን ትምጣና መዋያውን ትየው» በሏት። እኛ እንዲህ አድርገን ተጠቅመናል።

2. በሩ ላይ መሹለክ የለም

«ሳያይህ ቶሎ ውጣ!» የሚባለውን ምክር እርሱት። ልጁ ዞር ሲል አባቱ የለም። በማግስቱ አባቱን ለአፍታ አይለቅም፤ እውነቱን ነው።

በመጀመሪያው ቀን ከቤት የመጣው ሰው አብሮ ይቀመጥ፣ አንድ ሰዓት ያህል ይበቃል። በሁለተኛው ቀን ግቢ ውስጥ ይሁን፣ ልጁ በመስኮት ያየዋል። በሦስተኛው ቀን ቻው ብሎ ይሂድና ከምሳ በፊት ይመለስ። ከዚያ ቀስ በቀስ ይረዝማል። አንዳንዱ በአራት ቀን ይለምዳል፣ አንዳንዱ ወር ይፈጅበታል። ሥራ ያለበት ወላጅ ይህን ሁሉ ቀን ከየት ያመጣል? አክስትም አያትም ትሁን፣ ልጁ የሚያምነው ሰው ከሆነ ይሆናል።

ሰዓት አትንገሩት። «አሥር ሰዓት ላይ እመጣለሁ» ለሦስት ዓመት ልጅ ባዶ ቃል ነው። «ተኝተህ ተነስተህ፣ መክሰስ ስትበላ እመጣለሁ» ቢባል ግን ይገባዋል። መክሰሱ ሲቀርብ ወላጁ ካልደረሰ ልጁ ያውቅባችኋል።

የእናቱን ነጠላ ቦርሳው ውስጥ ክተቱለት። ያልታጠበ ይሁን። አንዲት እናት በይሉኝታ አጥባ፣ ተኩሳ ላከችልን፤ ልጁ አሽትቶ ወረወረው።

3. የዕለት ሥራውን ከልጆቹ አትደብቁ

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ መዋያ የሚስተው ይህንን ነው። ልጆቹ ቴሌቪዥን ፊት ተደርድረው ሞግዚቷ ጓዳ ገብታ ሽንኩርት ትልጣለች። ትምህርቱ ያለው ግን ጓዳ ነው።

ከእጅ መታጠብ ጀምሩ። ቧንቧ ከሌለ ባዶ ሃይላንድ ክዳኑን ብሱና ልጆቹ ደረት ጋ አድርጋችሁ ስቀሉት። በሳሙና 20 ሰከንድ ማሸት ነው ደንቡ። ልጅ ሰከንድ አይቆጥርም፤ ስለዚህ ጣቶቹን በስማቸው እየጠራን እናሳሻለን። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ መሃል ጣት፣ የቀለበት ጣት፣ ትንሿ ጣት። «ሌባ» ጋ ሲደርሱ ሁልጊዜ ይስቃሉ። አንዱ «ምን ሰርቆ ነው?» ብሎ ጠይቆኛል፤ እስካሁን መልስ የለኝም። ሁለቱን እጅ ቀስ ብለው ሲጨርሱ ሃያው ሰከንድ አልፏል። የሰውነት ክፍልም ተማሩ፣ ቋንቋም ተማሩ፣ እጃቸውም ጠራ።

ዓርብ ጠዋት ቡና እንጫወታለን። ከሰልም የፈላ ውኃም የለም፤ ጀበናው ውስጥ ያለው ቀዝቃዛ ውኃ ነው። ረከቦቱ መሃል ይቀመጣል። «ስንት ሰው ነን?» ይቆጥራሉ፣ ስምንት። «ስንት ሲኒ አለ?» ስድስት። ከዚያ ዝም እላለሁ። ዝም ማለት ከባድ ነው፤ መልሱን ልንገራቸው ያሰኘኛል። አንድ ቀን የአራት ዓመት ልጅ ሲኒዎቹን በየሰው ፊት እያስቀመጠች ሄደች። ሲኒው ሲያልቅባት ባዶ እጃቸውን የዘረጉ ሁለት ጓደኞቿን አየች፣ ሮጣ ጓዳ ገባች፣ በሁለት እጇ ሁለት ሲኒ ይዛ ወጣች። ስምንት ሲቀነስ ስድስት ማለት ይኸው ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያሉ ሲቀዱ ደግሞ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛን ማንም ሳያስተምራቸው ይዘውታል። ሲኒውን ለእንግዳ በሁለት እጅ መስጠትንም እንዲሁ። የቡና ቁርስ ዳቦ ይሁን። ቆሎና ፈንዲሻ ለትንንሾቹ አይሰጥም፣ ትንታ አለ።

እህል መልቀምም ጥሩ ነው። ሽምብራውን ከባቄላ ይለያሉ፣ ጠጠሩን ያወጣሉ። ግን ስህተታችንን ልንገራችሁ። ስልክ ጠርቶ ዘወር ስል አንዱ ሽምብራውን አፍንጫው ውስጥ ከቶት አገኘሁ። ጤና ጣቢያ ወስደን ወጣለት። ለእናቱ ስነግራት ያየሁት ፊቷ እስካሁን አይረሳኝም። ከዚያ ወዲህ ከአራት ዓመት በታች ላሉት ትልልቁን ብቻ ነው የምናስለየው፤ ድንች ለብቻ፣ ሽንኩርት ለብቻ። ትልልቆቹም እህል ሲለቅሙ አንድ ሰው ስልኩን አስቀምጦ አጠገባቸው ይቀመጣል።

ወላጅ ሁሉ የሚጠይቀኝ «ፊደል መቼ ይጀምራሉ?» ብሎ ነው። አይፈረድበትም። ገበታው ላይ 33 ረድፍ በ7 ተባዝቶ 231 ፊደል አለ፣ ያስጨንቃል። ልጁ ግን መጀመሪያ የሚፈልጋት አንዷን ነው፤ የስሙን መነሻ። የልብስ መስቀያው፣ ኩባያውና ፍራሹ ላይ ያቺን ጻፉለት። በሳምንት ውስጥ የራሱን ብቻ ሳይሆን የጓደኛውንም ያውቃል፤ ምክንያቱም ኩባያ ሲምታታ ጠብ አለ። ከቄስ ትምህርት ቤትም አንድ ብልሃት ውሰዱ፦ ትልቁ ልጅ ትንሹን ያስቆጥር።

4. ምሳ ዕቃው ሲከፈት

የአንዱ ፍርፍር፣ የአንዱ ፓስታ፣ የአንዱ ትናንት ያደረ ሽሮ። ልጅ ድህነትን የሚማረው እዚህ ጋ ነው፣ ከትልቅ ሰው ዓይን። ስለዚህ ማንም ሠራተኛ ስለ ምሳ ዕቃ አስተያየት አይስጥ፣ «አቤት ሲጣፍጥ!» እንኳን አይበል። አቅም ካለ ሁሉም አንድ ዓይነት ቢበላ ይሻላል። ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ ከሆነ ደግሞ ሁሉንም ቤት አይከብድም። ጉርሻ ያምራል፤ ግን መጀመሪያ ማን ምን እንደማይስማማውና ማን ምን እንደማይበላ ወላጆችን ጠይቁ።

5. የቤቱ ቋንቋ በሩ ላይ አይቅር

አንዲት አያት የልጅ ልጃቸውን ያመጡና ሁልጊዜ ከበሩ ይመለሱ ነበር። «ግቡ እማማ» ስንላቸው በእጃቸው ምልክት ሰጥተው ይሄዳሉ። ኋላ ነው የገባን፤ አማርኛቸው ጥቂት ስለሆነ አፍረው ነው፣ ቤት ውስጥ ኦሮምኛ ነው የሚነገረው። ልጅቷም እኛ ጋ ቃል አይወጣትም ነበር። ጥበቃችን ኦሮምኛ ይችላሉና አንድ ቀን አግባብተው አስገቧቸው። ወንበር ሰጠናቸው። ልጆቹን «አካም ቡልቴ» አስባሏቸው፤ እንዴት አደርሽ ማለት ነው። ከዚያ በራሳቸው ቋንቋ ተረት ነገሩን፤ ጥበቃው ያስተረጉማሉ። «ተረት ተረት» ሲሉልን «የላም በረት» ብለን ተቀበልን።

ልጅቷ በዚያው ቀን አፏን ፈታች ብል ውሸት ነው። በማግስቱ ግን አያቷ የተቀመጡባትን ወንበር ይዛ ማንንም ሳታስቀምጥ ዋለች። የመጀመሪያ ቃሏም «እምቢ!» ነበር።

በተግባር ስትሞክሩት፦ በየቤቱ የሚነገረውን ቋንቋ መዝግቡ፣ ከእያንዳንዱ ሰላምታውን፣ «ውኃ»ን፣ «ሽንት»ን እና «አሞኛል»ን ተማሩ። አራት ቃል ናት። ልጅ ጠምቶት የሚጠይቅበት ቃል ካጣ ሌላው ትምህርት ምን ያደርግለታል?

6. ሲወሰድ አንድ ነገር ንገሩ

«እንዴት ዋለ?» «ደህና።» ይህ መልስ አይባልም። አንድ ያያችሁትን ነገር ንገሩ፤ «ዛሬ የጎደለ ሲኒ ፈልጎ አመጣ»። ወላጅ ታክሲ ውስጥ ስለ ሲኒው ይጠይቀዋል፣ ልጁ ቀኑን ድጋሚ ያወራዋል። ፎቶ በቴሌግራም ግሩፕ የምትለቁ ከሆነ መጀመሪያ የሁሉንም ወላጅ ፈቃድ ያዙ። የሚያለቅስ ልጅ ፎቶ ፈጽሞ አይለቀቅ።

7. ሰፈሩን አስገቡ

ብዙ መዋያ ሰፈሩን የሚያስታውሰው ብር ሲቸግረው ነው። በዚህ አትጀምሩ። መጀመሪያ ጉልበትና እውቀት ጠይቁ፤ ሰው «ና አሳየን» ሲባል ደስ ይለዋል። የዕድሩን ዳኛ አነጋግሩ፤ ለበዓል ቀን ድንኳንና ወንበር ከዚያ ይገኛል። መስከረም ላይ ሴት ልጆቹ «አበባየሆሽ» ሲሉ ሱቅ በሱቅ አዙሯቸው። ለዒድ ደግሞ የሚያከብሩት ቤተሰቦች መጥተው ያሳዩን በሉ። ልጆቹን በሳምንት አንዴ በገመድ አስይዛችሁ እስከ ዳቦ ቤቱ ድረስ በእግር ውሰዷቸው። ባለ ዳቦ ቤቱ ስማቸውን ሲያውቅ እናንተ ሳታዩ ከበር የወጣ ልጅ ቢኖር የሚይዝላችሁ ሰው አለ ማለት ነው።

አንድ እንግዳ በወር ይበቃል። የኛ የመጀመሪያ እንግዳ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ከመንገዱ ማዶ ነው ሱቁ። ሜትሩን አውጥቶ የእያንዳንዱን ልጅ ቁመት ለካና ግድግዳው ላይ በጠመኔ አሰመረ። የጥበቃውንም፣ የኔንም። አሁን ልጆቹ ጠዋት ሲገቡ መጀመሪያ የሚሄዱት መስመራቸው ጋ ነው፤ ያደጉ እንደሆነ ለማየት።

እናንተም ልብስ ሰፊ ስትጋብዙ አንድ ነገር አስቀድማችሁ ንገሩት። ሜትሩንና ቁርጥራጭ ጨርቁን ይዞ ይምጣ፣ መቀስና መርፌው ግን እዚያው ሱቁ ይቆይ። የሚቆየው ዕቃ ነው ብለን የለ!