የጨብጥ ሴንሲቲቪቲ በዲስክ፦ ለጎንደር ላቦራቶሪ

ይህ ሥራ፣ ማለትም የጨብጥን ባክቴሪያ የትኛው መድኃኒት እንደሚያቆመው መድኃኒት ባለው የወረቀት ዲስክ መፈተሽ፣ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ዲስክ ሳይነካ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ የኦቶክሌቩ (በእንፋሎት ግፊት የሚያመክነው ዕቃ) የግፊት ጌጅ 15 ፒኤስአይ ሲያሳይ ውስጡ ገና 121 ዲግሪ አልደረሰም፤ 18.5 ገደማ ይፈልጋል። ዕቃው የሚችለውን ግፊት አረጋግጡ፣ ከጌጁ ይልቅ ቴርሞሜትሩን እመኑ።

ሚዲያው (ባክቴሪያው የሚበቅልበት ምግብ) ጂሲ አጋር ቤዝ ነው። ከኦቶክሌቭ ወጥቶ ወደ 50 ዲግሪ ሲበርድ 1 በመቶ ሰፕልመንት ይጨመርበትና 4 ሚሊሜትር ውፍረት እንዲይዝ ይፈስሳል። ሙለር ሂንተን በሚባለው ተራ ሚዲያ ላይ ጨብጥ አይበቅልም።

ኮሎኒው ከቾኮሌት አጋር፣ ከ20 እስከ 24 ሰዓት ያደገው ይሁን። ለመለያ የሚውለው የኦክሲዴዝ ሪኤጀንት ያረፈበትን ኮሎኒ አትንኩ፤ ሪኤጀንቱ ይገድለዋል። 0.5 ማክፋርላንድ (የድፍርስነት መለኪያ) እስኪደርስ በጥብጣችሁ በ15 ደቂቃ ውስጥ ፕሌቱ ላይ ቀቡት። ለምን ይህን ያህል ጥድፊያ? ጨብጥ ራሱን በራሱ ያፈርሳል። ቱቦው ሲታይ እንደ ቅድሙ ደፍርሷል፣ በውስጡ ግን ግማሹ ሞቷል። እድገቱ ይሳሳል፣ ዞኑ (በዲስኩ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ክብ) ይሰፋል፣ መድኃኒት የተላመደው ባክቴሪያ «ሴንሲቲቭ» ተብሎ ይወጣል። ከስህተቶች ሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ፕሌቱ ላይ ምንም ምልክት አይተውም።

የዲስኩ ካርትሪጅ ከፍሪጅ ወጥቶ ሙቀቱ ከክፍሉ ጋር ሳይስተካከል አይከፈት፤ ጤዛ ይይዘዋል። ሲፕሮፍሎክሳሲን ዞኑ ሰፊ ስለሆነ በትንሹ ፕሌት ላይ ከ2 ወይም 3 ዲስክ አይበልጥ። አንዴ አጋሩን የነካ ዲስክ ደግሞ አይነሣም።

በ36 ዲግሪ፣ 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ከ20 እስከ 24 ሰዓት። ኢንኩቤተሩ ጋዝ ከሌለው ካንድል ጃር (ሻማ በርቶበት የሚከደን ማሰሮ) ይሠራል፦ ነጭ ሽታ አልባ ሻማ፣ ከጎኑ እርጥብ ጥጥ። ቀለምና ሽቶ ያለው ሻማ ጭሱ ባክቴሪያውን ይጎዳል። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ካደረ ፕሌቱን አታንብቡ፣ ድገሙት።

መጀመሪያ የዞኑ ስፋት የሚለካው የኤቲሲሲ 49226 (ዞኑ አስቀድሞ የታወቀ መቆጣጠሪያ የጨብጥ ባክቴሪያ) ነው፦ ሴፍትሪያክሶን (30 ማይክሮግራም) ከ39 እስከ 51 ሚሊሜትር፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን (5 ማይክሮግራም) ከ48 እስከ 58። ከዚህ ከወጣ የታካሚው ውጤት አይጻፍም። የላቦራቶሪ ደረጃዎችን በሚያወጣው ድርጅት በሲኤልኤስአይ መለኪያ ሲፕሮፍሎክሳሲን 41 ሚሊሜትር እና ከዚያ በላይ ሴንሲቲቭ፣ 27 እና ከዚያ በታች ረዚስታንት (መድኃኒቱን የተላመደ) ነው። ሴፍትሪያክሶን ከ35 በታች ካሳየ ባክቴሪያው ጨብጥ መሆኑን የመለየቱንም ሥራ የዲስኩንም ምርመራ ድገሙ፤ ከጸና ኮሎኒውን አትጣሉ፣ አቀዝቅዛችሁ ለሪፈራል ላቦራቶሪ አቆዩት።