ሐዋሳ ላይ ከተለያዩት ልጅ መደበቅ አይቻልም

እሁድ ከሰዓት ፍቅር ሐይቅ ብትወጪ አለ። አሞራ ገደል ዓሳ ልትበይ ብትሄጂ አለ። ታኅሣሥ 19 የገብርኤል ንግሥ ላይ አለ፤ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ ለፍቼ ጨምበላላ ጉዱማሌ አደባባይ ብትሄጂ ደግሞ ከነጓደኞቹ አለ። (የሐይቁን ዳር «ፍቅር ሐይቅ» ያለው ሰው መለያየትን አላሰበበትም።) ስለዚህ «እርሺው» የሚለው ምክር እዚህ ከተማ ብዙም አይሠራም። የሚሠራው ጓደኞችሽን፣ ስልክሽንና ሰዓትሽን ገና ፍቅሩ ሳለ አጥብቆ መያዝ ነው።

ፎንቃ ሲይዝሽ ምግብ መዝጋቱም፣ ደብተር ጠርዝ ላይ ስሙን መጻፉም ያለ ነው፤ አያስፈራም። መጀመሪያ የሚዛባው ሰዓትሽ ነው። የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ከሆንሽ ከሰዓቱ ሁሉ የእሱ ይሆንና ከቤስትሽ ጋር የነበረው ይቀራል። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ከሰዓት፣ ለምሳሌ ማክሰኞንና ቅዳሜን፣ ለጓደኛና ለጥናት ያዢ። «ማክሰኞ አልችልም» በይው፤ ምክንያት አትደርድሪ። አንዴ ቢያኮርፍ ያልፋል። በየሳምንቱ «እኔ ወይስ እነሱ?» ካለ ግን ቅናቱን የፍቅር ምልክት አድርገሽ አትቁጠሪው።

ስትገናኙ ቀን ላይ፣ ሰው ባለበት ይሁን፤ የመመለሻ የባጃጅ ሒሳብ በራስሽ ኪስ ይኑር፤ የት እንዳለሽ አንድ ሰው ይወቅ። «ቤት ማንም የለም» ካለሽ አትሂጂ። በዕድሜ በብዙ የሚበልጥሽ ከሆነ ደግሞ ይህን እወቂ፦ ከ18 ዓመት በታች ካለች ልጅ ጋር ወሲብ መፈጸም በወንጀል ሕጋችን ያስቀጣል፤ እሷ እሺ ማለቷ አያድነውም። ተገደሽ ከሆነ ሳትታጠቢ፣ ልብስሽንም ሳታጥቢ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂጂ። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት።

ቤስትሽ ዝም ስትል

ብዙ ጊዜ የሚታሰበው «ቀንታብኝ ነው» ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ነገሩ ቀላል ነው፤ ወሬሽ ሁሉ እሱ ሆኗል። ስትገናኙ የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት የእሷን ወሬ ብቻ ስሚ። ከጠፋሽባት «ሰሞኑን ጠፋሁብሽ አይደል? ቅዳሜ ሻይ እንጠጣ፣ የእሱን ነገር አላነሳም» በያት፤ ቃልሽንም ጠብቂ።

«ቤስትሽ ከእሱ ጋር ታወራለች» የሚል ወሬ ሲመጣ መጀመሪያ ወሬ አምጪዋን ጠይቂ፦ «ራስሽ አየሽ ወይስ ሰማሽ?» «ሰማሁ» ካለች ነገሩ በሁለትና በሦስት አፍ አልፎ የመጣ ነው። ከዚያ ራሷን ቤስትሽን፣ ለብቻዋ፣ በአካል ጠይቂ። ግሩፕ ውስጥ ከጠየቅሻት የምትመልሰው ለተመልካቹ ነው፤ እውነቱን አታገኚም። የእሱን መልእክት ስክሪንሾት አድርገሽ ለግሩፑ አትላኪ፤ ስትታረቁ አንቺ ትረሺዋለሽ፣ እነሱ አይረሱትም።

11ኛ ክፍል ላይ ናቹራልና ሶሻል ሲለያዩ ያለ ጠብ የሚደበዝዝ ጓደኝነትም አለ። እሱን ሰላምታ ይበቃዋል።

ስልክ

ፓስወርድ የፍቅር ስጦታ አይደለም። ከሰጠሽው ቴሌግራም ላይ ሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለውን ከፍተሽ የማታውቂው ስልክ ካለ አስወጪው፤ ቀጥሎ ባለ ሁለት ደረጃ ፓስወርድ አብሪ። የግል ፎቶ አትላኪ። ልከሽ ከሆነና «እለቀዋለሁ» ብሎ ካስፈራራ አትለምኚው፣ ገንዘብም አትስጪው። እዚህ ላይ በብዛት የሚፈጸመው ስህተት ተናዶ ቻቱን ማጥፋት ነው። ቴሌግራም ላይ እሱም የጻፈውን ካንቺ ስልክ ጭምር ማጥፋት ስለሚችል መጀመሪያ ስሙና ቀኑ የሚታይበት ስክሪንሾት አንሺ፤ በዚያው ቀን ለምታምኚው ትልቅ ሰው አሳዪ።

ስትለያዩ

የመጀመሪያው ሳምንት ከባዱ ነው። አልቅሺ፤ ትምህርት ቤት ግን ሁለት ቀን ተከታትለሽ አትቅሪ፣ ሦስተኛው ቀን መመለስ ይከብዳል፤ ወሬውም አንቺ በሌለሽበት ያድጋል። ምግብ አልወርድ ካለሽ አጥሚት ወይም ሾርባ ሞክሪ። ማታ ስልክሽን ሳሎን አሳድሪው፤ የሚያስቆጨው መልእክት የሚላከው ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ነው። ልትልኪ ያማረሽን ደብተር ላይ ጻፊና ጠዋት አንብቢው። ሳቅሽም ይመጣል። ብሎክ ማድረግ ካቃተሽ ቻቱን ድምፁን አጥፍተሽ አርካይቭ አድርጊው። ላስት ሲንሽን ከደበቅሽበት ደግሞ አንቺም የእሱን ሰዓት ማየት ትተያለሽ፤ ዕረፍቱ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። የሐዘን ዘፈን ስታተስ አትለጥፊ። ለእሱ ያልሽውን ሴክሽኑ በሙሉ ያነበዋል።

የወንድ ጓደኛ እንደነበረሽ ለእናትሽ መናገር ካልቻልሽ «ከጓደኛዬ ጋር ተጣልቼ ነው» ማለት ውሸት አይደለም፤ ቢያንስ ለምን እንደከፋሽ ታውቃለች። ለታላቅ እህት ወይም ለአክስት ሙሉውን ተናገሪ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍና ምግብ ከጠፋ ከትልቅ ሰው ጋር ጤና ጣቢያ ሂጂ። መሞት ካማረሽ ግን አንድም ቀን አታሳድሪ፤ በዚያው ሰዓት ለአንድ ሰው ተናገሪና አብራችሁ ሆስፒታል ሂዱ።

ወደ ተውሻቸው ጓደኞችሽ ስትመለሺ «ይቅርታ» ይቅደም፣ «ተለያየን» ይከተል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የመጣሽው ለእንባሽ ብቻ ይመስላቸዋል።

መንገድ ላይ ስታገኚው «ሰላም ነው?» ብለሽ ሳትቆሚ እለፊ። ጃኬቱን፣ ወርክሺቱንና መጽሐፉን ሁሉ በአንድ ፌስታል አድርገሽ በሳምንቱ ውስጥ በጋራ ጓደኛ ላኪለት፤ አንድ እስክርቢቶ እንኳ ቢቀር «ለመጨረሻ ጊዜ እንገናኝ» የሚያሰኝ ሰበብ ይሆናል።