ቀልብ ሲሸፍት፦ ትኩረትን እንዴት ማቆየት ይቻላል?

ፊት ለፊታችሁ አንድ ሰዓት አለ እንበል። ቁጥር የለበትም። ነጭ ገጽ ላይ አንዲት ጥቁር ዘንግ ብቻ ናት ያለችው። ዘንጓ በየጊዜው አንድ እርምጃ ጠብ ጠብ ትላለች። አልፎ አልፎ ግን በአንዴ ሁለት እርምጃ ትዘላለች። ያን ጊዜ ቁልፍ መጫን ነው ሥራችሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ ሌላ ምንም የለም።

ይህን ፈተና ያዘጋጀው ኖርማን ማክዎርዝ የሚባል የብሪታኒያ ተመራማሪ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ራዳር ላይ አፍጥጠው የሚውሉ ወታደሮች የባሕር ሰርጓጅ መርከብ ምልክት ለምን እንደሚያመልጣቸው ማወቅ ተፈልጎ ነበር። ማክዎርዝ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1948 አሳተመ። ተፈታኞቹ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ደህና ይዘልቁና ከዚያ በኋላ የሚያመልጣቸው ይበዛል።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ሰው ቀልቡ ሲሄድ ራሱን ሰነፍ ይላል። እነዚያ ተፈታኞች ግን ሰነፎች አልነበሩም። ሥራው ቀላል ነው፣ ትኩረት ግን አይዘልቅም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ቀልብን በገመድ ለማሰር አይደሉም። ሲሄድ ቶሎ ለመመለስ ናቸው።

መጀመሪያ ጭንቅላት ውስጥ ያለውን ነገር ባጭሩ እንየው። አንድ ነገር ላይ ስናተኩር የአንጎል የፊተኛውና የጎን ላይኛው ክፍል፣ በተለይ በቀኝ በኩል፣ ጠንክሮ ይሠራል። ሥራ ስንፈታ ደግሞ ሌላ መረብ ይነቃል። የአንጎል ተመራማሪው ማርከስ ሬይክልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 የአንጎል «ነባሪ» አሠራር ብለውታል። የትናንቱን ጭቅጭቅ የሚደግመው፣ የነገውን ቀጠሮ የሚያቅደው እሱ ነው። ከአንጎል ግንድ ውስጥ ደግሞ ሎከስ ሴሩልየስ የምትባል ትንሽ ሰማያዊ ቦታ ኖርአድሬናሊን የሚባል የሚያነቃ ንጥረ ነገር ትረጫለች። ሲያንስ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለናል፤ ሲበዛ እንቁነጠነጣለን። የሚፈለገው መሃሉ ነው።

1. ሥራውን አጥብቡት። «ሪፖርቱን እሠራለሁ» አይበቃም። «የሁለተኛውን ክፍል ሠንጠረዥ እሞላለሁ» በሉ። ቀልባችሁ መሄዱን የምታውቁት የት መሆን እንደነበረበት ካወቃችሁ ብቻ ነው።

2. የቀደመውን ሥራ ዝጉት። ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ስንዘል የፊተኛው ጭራ ይከተለናል። ሶፊ ለሮይ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ይህን የትኩረት ቅሪት ብላ አጥንታዋለች። መፍትሔው ቀላል ነው። ከመነሳታችሁ በፊት አንድ መስመር ጻፉ፦ የት ደረስኩ፣ ስመለስ ምን አደርጋለሁ። እኔ ሳልጽፍ ከተነሳሁ አዲሱን ሥራ እየሠራሁ አሮጌው ሲነዘንዘኝ ይውላል። ከጻፍኩት ግን ወረቀቱ ይይዝልኛል፣ ይተወኛል።

3. ስልኩን ሌላ ክፍል ውስጥ አስቀምጡ። ገልብጬዋለሁ፣ ድምፁን አጥፍቻለሁ አትበሉ። እኔም ስል ኖሬ አይቼዋለሁ፤ እጅ ራሱ ነው የሚሄደው።

4. ከመዛላችሁ በፊት እረፉ። ማክዎርዝ ተፈታኞቹን ግማሽ ሰዓት አሠርቶ ግማሽ ሰዓት ሲያሳርፋቸው ውጤታቸው እንደዚያ አልወረደም። ግማሽ ሰዓት ማረፍ ለኛ ቅንጦት ነው። ግን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ሠርቶ ጥቂት ደቂቃ መነሳት ይቻላል። ለሁሉም የሚሆን ምትሐተኛ ቁጥር ፈልጋችሁ አትድከሙ። አንድ መስመር ደጋግማችሁ ማንበብ ስትጀምሩ ዘግይታችኋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ከዚያ ትንሽ ቀደም በሉ። ዕረፍት ማለት ደግሞ መቆም፣ መንጠራራት፣ በመስኮት ራቅ አድርጎ ማየት ነው። ቪዲዮ ማየት ዕረፍት አይደለም፤ ቀልብ ሌላ ጌታ አገኘ ማለት ነው።

5. በሄደ ቁጥር ጭረት አድርጉ። እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ይህን ነው። አጠገባችሁ ቁራጭ ወረቀት አስቀምጡ። ሀሳባችሁ ጭልጥ ብሎ እንደሄደ ስታውቁ አንዲት ጭረት ጫር አድርጉና ተመለሱ። ራስን መውቀስ የለም፣ ለምን ሄደ ብሎ መመርመርም የለም። ምርመራው ራሱ ቀልብን የሚወስድ ሌላ መንገድ ነው።

ይህ ለምን ይሠራል? እ.ኤ.አ. በ2012 ዌንዲ ሃሰንካምፕ የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ አዘውትረው በተመስጦ የሚቀመጡ ሰዎችን የአንጎል ስካነር ውስጥ አስገብተው ነበር። ሰዎቹ ትንፋሻቸው ላይ ያተኩራሉ፣ ሀሳባቸው መሄዱን ባወቁ ጊዜ ቁልፍ ይጫናሉ። ጉዞው አራት ደረጃ አለው፦ መሄድ፣ መንቃት፣ መመለስ፣ መቆየት። በየደረጃው የሚሠራው የአንጎል ክፍል የተለያየ ነው። «እንዴ! የት ሄጄ ነበር?» የምንልባት ቅጽበት የራሷ ሠራተኞች አሏት። ጭረቷ የምታለማምደው እነሱን ይመስለኛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጭረቱ ሊበዛ ይችላል። አትደንግጡ። ቀልባችሁ ባሰበት ማለት አይደለም፤ ድሮ ሳታዩት ያልፍ የነበረውን አሁን ስላያችሁት ነው።

6. እንቅልፍን አትበድሉ። ነቅተን በቆየን ቁጥር አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር አንጎል ውስጥ ይጠራቀማል፣ ድካሙም ይመጣል። ካፌይን አዴኖሲኑ የሚያርፍበትን መቀበያ ይዘጋል እንጂ አዴኖሲኑን አያጠፋውም። ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ ደግሞ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ማታ ማታ ካፌይን ጠጥቶ መሥራት ከነገው ጠዋት ትኩረት መበደር ነው።

ይህን ሁሉ ሞክራችሁ ምንም ካልተለወጠ፣ በተለይ ችግሩ ከልጅነት ጀምሮ አብሯችሁ ካለ፣ የጭረት ወረቀት ብቻ አይበቃም። ሐኪም አማክሩ።

7. መሃል ላይ የሚጠይቃችሁ ሰው ይኑር። ማክዎርዝ ሌላም ነገር ሞክሯል። ፈተናው መሃል ላይ በስልክ አንዲት አጭር መልእክት ለተፈታኙ ይነገረዋል፦ ከአሁን በኋላ የበለጠ ትጋ። በዚህች ብቻ የወረደው ውጤት ተመልሶ ወጣ። እናንተም አጠገባችሁ የሚሠራ ሰው ካለ በግማሽ ሰዓቱ «የት ደረሳችሁ?» እንዲላችሁ ለምኑት። ስልካችሁ ሌላ ክፍል ስለሆነ እንዲደውል ሳይሆን በሩ ላይ ብቅ እንዲል ንገሩት።